የተበላሹት ፎቶዎች ያስመረጡኝ ዕቃ

(አንድ ፎቶ አንሺ ለሙያው ጀማሪዎች ያደረገው ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ)

ጤና ይስጥልኝ። አዘጋጆቹ «ስለ ካሜራ፣ ስለ ትራይፖድና ስለ መብራት አመራረጥ ንገረን» ብለው ሲጋብዙኝ ዓይኔ ያረፈው በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ሁላችንም እንደዚያው ነው የምንደረድረው፤ ካሜራው ከፊት፣ መብራቱ ከጅራት። ገንዘባችንም የሚወጣው በዚሁ ሰልፍ ነው። ያለንን ጠራርገን ለካሜራው እንከፍላለን፤ በተረፈችው አንድ ቀጭን ትራይፖድ (ባለሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) እንገዛለን፤ መብራቱ ዘንድ ስንደርስ ኪሳችን ባዶ ነው። እኔ ዛሬ ከጅራቱ እጀምራለሁ። ሰልፉን የገለበጥኩት አዋቂ ስለሆንኩ አይደለም፤ ብዙ ከከሰርኩ በኋላ ነው።

ኮምፒውተሬ ውስጥ «ያፈርኩባቸው» የሚል ፎልደር አለ። ለደንበኛ ሳላሳይ ያስቀረኋቸው፣ አንዳንዴም አሳይቼ አንገቴን የደፋሁባቸው ፎቶዎች እዚያ ይከማቻሉ። ባልደረቦቼ «አጥፋቸው እንጂ፣ ምን ያደርጉልሃል?» ይሉኛል። እኔ ግን አዲስ ዕቃ ለመግዛት እጄን በበላኝ ቁጥር መጀመሪያ ያንን ፎልደር እከፍትና ፎቶዎቹን አንድ በአንድ «ምን አበላሸህ?» ብዬ እጠይቃለሁ። አብዛኞቹ «ብርሃን» ይላሉ። ቀጥሎ የሚመጣው መንቀጥቀጥ ነው። ካሜራው ራሱ ጥፋተኛ ሆኖ የተገኘባቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ዕቃ ሻጭ ዘንድ ከመሄዴ በፊት የምሰማው አማካሪ ይህ ብቻ ነው።

እንግዲህ ወደ መብራቱ። ሰዎች ሲያማክሩኝ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ስንት ዋት ልግዛ?» የሚል ነው። እኔ ደግሞ መልሼ «ስንት ክንድ ይሆናል?» እላለሁ። ይስቃሉ፤ ግን የምሬን ነው። ብርሃን ለስላሳ ወይም ሻካራ የሚሆነው በጉልበቱ ልክ አይደለም፤ የሚወስነው ከሚያበራለት ነገር አንጻር ያለው ስፋት ነው። ፀሐይን አስቧት። ስፋቷ ከምድር 109 እጥፍ ያህል ይበልጣል፤ ነገር ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቀን፣ እጃችንን ዘርግተን በትንሿ ጣታችን ጥፍር ልንጋርዳት እንችላለን። ለእኛ ትንሽ አምፖል ናት፤ ለዚህ ነው የቀትር ጥላዋ በምላጭ የተቆረጠ የሚመስለው። ደመና ሲሸፍናት ግን ብርሃን የሚሰጠን ሰማዩ በሙሉ ይሆናል፤ ከአፍንጫ ሥር የነበረው ጥቁር ጥላም ይሟሟል።

ይህን ሳላውቅ ነበር የመጀመሪያዋን ባለ120 ሳንቲ ሜትር ሶፍትቦክስ (አምፖሉ ፊት ነጭ ጨርቅ የተወጠረባት ሳጥን) የገዛሁት። ጠርዟ ፎቶው ውስጥ እየገባ ሲያስቸግረኝ ገፋሁና ግድግዳ ጥግ አቆምኳት፤ ከሰውየው አራት ሜትር ያህል ራቀች። ፎቶውን ሳየው ጥላው ያው እንደ ድሮው ነው። «ለስላሳ ብርሃን ትሰጣለች ብለህ ሸጥክልኝ» ብዬ ተሸክሜያት ወደ ሻጩ ሄድኩ። ሻጩ ትዕግሥተኛ ሰው ነበር። ምንም ሳይናገር መብራቷን አበራና ከፊቴ ግማሽ ሜትር ላይ አቆማት፤ በእጄ ትንሽ መስታወት አስያዘኝና ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይጎትታት ጀመር። የአገጬ ጥላ መጀመሪያ ያለች አትመስልም ነበር። ከዚያ እንደ ጭስ ታየች፤ ከዚያ ጠርዝ አወጣች፤ በመጨረሻ አንገቴ ላይ ጥቁር መስመር ሆና ቀረች። ሶፍትቦክሷ ያችው ናት፣ አምፖሉም ያው ነው፤ የተለወጠው ርቀቱ ብቻ ነው። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶፍትቦክስ ከራሷ ስፋት ብዙም በማይበልጥ ርቀት አስቀምጣለሁ፤ ጠርዟ ፎቶው ውስጥ ሊገባ ሲል ብዙ ሳላርቃት ወደ ላይ ከፍ አደርጋታለሁ።

ርቀት ሌላም ጉዳይ አለው። ብርሃን ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። ይህን ሕግ ትምህርት ቤት ተምረነው ፈተና ካለፍን በኋላ እንረሳዋለን፤ እኔን ያስታወሰኝ የቡድን ፎቶ ነው። መብራቱን ከረድፉ ጫፍ ካለው ሰው አንድ ሜትር፣ ከሌላኛው ጫፍ ካለው ሁለት ሜትር ላይ አስቀመጥኩት። አንደኛው ለሌላው ከሚደርሰው ብርሃን አራት እጥፍ ደረሰው፤ አንዱ በኖራ የተለሰነ፣ ሌላው ከጓዳ ብቅ ያለ መሰለ። መብራቱ ሦስት ሜትር ወደ ኋላ ቢሸሽ ኖሮ ርቀቶቹ አራትና አምስት ሜትር ይሆኑ ነበር፤ ልዩነቱም ከአንድ ተኩል እጥፍ ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቅርብ፣ ለብዙ ሰው ሩቅ። ሩቅ ሲሆን ደግሞ ጉልበት ያስፈልጋል፤ ዋት መጠየቅ ትርጉም የሚኖረው እዚህ ላይ ነው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ የማያነሳ፣ ከፀሐይ ጋርም የማይፎካከር ፎቶ አንሺ ትልቅ ኃይል ቢገዛ ክብደት ተሸከመ እንጂ ሌላ አላተረፈም።

ፍላሽ ይሻላል ወይስ ሳያቋርጥ የሚበራው ኤልኢዲ? ቪዲዮ የሚሠራ ሰው ምርጫ የለውም፤ ኤልኢዲ ይግዛ። ፎቶ ብቻ ለሚያነሳ ግን አሁንም ፍላሽን እመክራለሁ። በትንሽ ባትሪ ታላቅ ብርሃን ይሰጣል፤ ኃይሉ ተቀንሶ ሲሠራ ብልጭታው 1/10000 ሰከንድና ከዚያም በታች ስለሚሆን የውሃ ጠብታን በአየር ላይ ያቆማል። ኤልኢዲ መልካምነቱ የሚታየውን ማሳየቱ ነው፤ ጥላው የት እንደሚወድቅ ፎቶውን ሳታነሱ ታያላችሁ። ለጀማሪ ይህ ትልቅ አስተማሪ ስለሆነ፣ አንዲት ትንሽ ኤልኢዲ ለመማሪያ ቢኖራችሁ አልቃወምም።

ኤልኢዲ ስትገዙ ግን ሁለት ነገር ሳትፈትኑ ገንዘብ አትክፈሉ። አንደኛው መርገብገብ ነው። ርካሽ መብራቶች በ50 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ላይ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ዓይናችን አያየውም፣ ካሜራ ግን ያየዋል። አንድ ጊዜ አዳራሽ ውስጥ የስብሰባ ሥራ ላይ ነበርኩ። ተናጋሪዎቹን እንዳልረብሽ ካሜራዬን ድምፅ በሌለው የኤሌክትሮኒክ መዝጊያ (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ የሚወስነው ክፍል) ላይ አድርጌ ቀኑን ሙሉ ሳነሳ ዋልኩ። በትንሿ ስክሪን ላይ ሁሉም ደህና ነበር። ቤት ገብቼ በትልቁ ስከፍተው የተናጋሪዎቹ ፊት በአግድም ተሸነተረ፤ አንድ መስመር ደማቅ፣ አንድ መስመር ደብዛዛ፣ እንደ ሜዳ አህያ። ያ ቀን እንዳለ «ያፈርኩባቸው» ውስጥ ገብቷል። አሁን ሱቅ ውስጥ መብራቱን በሙሉ ኃይሉም፣ ዝቅ አድርጌም፣ መዝጊያውን 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጌ አሥር አሥር ጊዜ አነሳዋለሁ። ሻጩ ይሰለቻል፤ ይሰልች።

ሁለተኛው ቀለሙ ነው። በካርቶኑ ላይ «ሲአርአይ 95» የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ፤ መብራቱ ቀለማትን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ ይነግራል። ችግሩ ይህ ቁጥር የስምንት ፈዘዝ ያሉ ቀለማት አማካይ መሆኑ ነው። አር9 የሚባለው ደማቁ ቀይ በአማካዩ ውስጥ የለም፤ የሰው ቆዳ ውስጥ ደግሞ ከሥር የሚታየው ቀዩ ነው። ቁጥሩ አምሮ ፎቶው ላይ ግን ሰው ሁሉ የታመመ የሚመስለው ለዚህ ነው። የእኔ መለኪያ መዳፌ ነው። መዳፌን መጀመሪያ በመስኮት ብርሃን፣ ቀጥሎ በሚሸጠው መብራት አነሳዋለሁ፤ በየራሱ ብርሃን የነጩን ሚዛን (ነጭ ነገር ነጭ ሆኖ እንዲወጣ) አስተካክዬ ጎን ለጎን አያቸዋለሁ። ደሙ ከጠፋ መብራቱን አልፈልገውም።

ቆዳን ካነሳን አይቀር፣ ስለ ጥቁር ቆዳ አንድ ነገር ልበል። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ መጎተት ይወዳል። ጥቁር ሰው ነጭ ግድግዳ ፊት ሲቆም ካሜራው ግድግዳው ያስደነግጠውና ብርሃኑን ይቀንሳል፤ ፊቱ ይጨልማል። በፊልሙ ዘመን ችግሩ ከዚህም የባሰ ነበር። ኮዳክ ለላቦራቶሪዎች የሚያድላቸው፣ «ሸርሊ» እየተባሉ የሚጠሩት የቀለም ማመሳከሪያ ካርዶች ለረጅም ዓመታት የነጭ ሴት ፎቶ ነበሩ፤ የቀለም ሚዛኑም የሚስተካከለው በእሷ ቆዳ ነበር። ዛሬ መድኃኒቱ በእጃችን ነው። ብዙዎች ጥቁር ፊት ላይ ኃይለኛ መብራት መደገን ይቀናቸዋል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያፈራል እንጂ ፊቱን አያወጣውም። ጥቁር ቆዳ ቅርጹን የሚያሳየው በነጸብራቁ ነው፤ ስለዚህ ሰፊ መብራት በጎን በኩል አስጠጉለት። ጉንጩ ላይ ረጅም፣ ለስላሳ ብርሃን ሲንሸራተት ታያላችሁ። የመለኪያውን ቁጥር ደግሞ ከግድግዳው ላይ ሳይሆን ከፊቱ ላይ ውሰዱ።

የመብራቱን ነገር ከመተዌ በፊት፣ የመብራት ማቆሚያ እንዳይወድቅ ስለሚጫንበት የአሸዋ ከረጢት። ማንም አይገዛውም፤ ስለማያምር ይመስለኛል። በ1887 ጀርመን ውስጥ የማግኒዥየም ብልጭታ ዱቄት ሲወጣ፣ በኒው ዮርክ የድሆችን መኖሪያ ሌሊት ያነሳ የነበረው ጄከብ ሪስ ተጠቀመበት፤ በራሱ አንደበት እንደተናገረው ሁለት ጊዜ ቤት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ ራሱን አቃጥሏል። የእኛ መብራት እሳት አያስነሳም፤ ይወድቃል ግን። ጃንጥላ የተገጠመለት መብራት ሸራ እንደተዘረጋለት ጀልባ ነው፤ በር ሲከፈት የሚገባው ነፋስ ይበቃዋል። የእኔ የወደቀው ሰው ላይ አልነበረም፤ ተመስገን። አሁን የማቆሚያውን አንዱን እግር ወደ መብራቱ አቅጣጫ አደርግና ከረጢቱን እዚያ ላይ እጭናለሁ።

ወደ ትራይፖድ እንሻገር። የመጀመሪያዬን ትራይፖድ የወደድኳት ቀላል ስለነበረች ነው፤ የጠላኋትም በዚያው ምክንያት ነው። አመሻሽ ላይ አንድ ሕንፃ ስምንት ስምንት ሰከንድ እየከፈትኩ አነሳሁ። ነፋሱ ለስላሳ ነበር፤ እንዲያውም ደስ ይል ነበር። ቤት ስገባ መስኮቶቹ ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነዋል። ጥፋቱ የነፋሱ ብቻ አልነበረም። ቁመት ፈልጌ የመካከለኛውን ምሰሶ እስከ ጫፉ ስቤው ነበር። ምሰሶው ሲወጣ ባለሦስት እግሩ ዕቃ ባለ አንድ እግር ይሆናል፤ ሦስቱ እግሮች የሚጠቅሙት ምሰሶውን ለመሸከም ብቻ ነው። ስለዚህ ትራይፖድ ስመርጥ እግሮቹን ዘርግቼ፣ ምሰሶውን ሳልነካ፣ ካሜራው ወደ ዓይኔ መድረሱን አያለሁ። ካልደረሰ አልፈዋለሁ።

«እስከ 10 ኪሎ ግራም ይሸከማል» የሚለውን ጽሑፍ ብዙ አትመኑት። መሰበርና መንቀጥቀጥ የተለያዩ ናቸው፤ እኛን የሚያሳስበን ሁለተኛው ነው። የምፈትነው እንዲህ ነው። ካለኝ ሌንስ ረጅሙን እገጥማለሁ፤ ካሜራውን በስክሪኑ ላይ አሥር እጥፍ አጉልቼ ሩቅ ያለ ጽሑፍ ላይ አነጣጥራለሁ፤ ከዚያ አንዱን እግር በጣቴ ጠቅ አደርገዋለሁ። ጽሑፉ ይዘላል። በልቤ እቆጥራለሁ፤ አንድ፣ ሁለት። ደህና ትራይፖድ ሁለት ሳይሞላ ይረጋል። ደካማው እስከ አራትና አምስት ድረስ እንደ ጄሊ ይወዛወዛል። ይህን ፈተና ምሰሶው ወርዶና ወጥቶ ብታደርጉት ከላይ ያልኳችሁን በዓይናችሁ ታያላችሁ።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም? ተሸክሞ የሚጓዝ ካርቦን ይግዛ፤ ይቀላል፣ ንዝረትንም ቶሎ ያበርዳል። ከስቱዲዮ የማይወጣ ሰው ለአሉሚኒየም ከፍሎ የተረፈውን ለጭንቅላቱ ያውለው፤ የትራይፖዱን ጭንቅላት ማለቴ ነው። ለሰው ፎቶ ባለ ኳሱ ጭንቅላት ፈጣን ነው። ለሕንፃና ለዕቃ ፎቶ ግን ኳሱ ያናድዳል፤ አግድሙን ስታስተካክሉ ቁሙ ይበላሻል። ለዚያ ሦስቱን አቅጣጫ ለየብቻ የሚያዞረው ይሻላል።

ካሜራው ከጭንቅላቱ ጋር የሚያያዝባት ሳህን ግን ትንሽ ልታቆየን ይገባል፤ ምክንያቱም ሌንስ ያስከፈለችኝ እሷ ናት። ከካሜራው ሥር ያለችው ቀዳዳ የሩብ ኢንች ብሎን የምትቀበል ናት፤ በአብዛኛው ካሜራ ላይ ያችው ናት። ሥራ ቦታ ዘግይቼ ደርሼ ሳህኗን በጣቴ ብቻ አጥብቄ ካሜራውን በቁሙ አዞርኩት። የሌንሱ ክብደት ብሎኑን ቀስ በቀስ ፈታው። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መብራት ሳስተካክል ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ፤ የሌንሱ የፊት ቀለበት ድንጋይ ወለል ላይ ጎብጦ ነበር። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚሉት አባቶች ትራይፖድ ሳያዩ ነው የተናገሩት። አሁን ለብሎኑ የምትሆን ሳንቲም መሰል መፍቻ በቁልፍ መያዣዬ ላይ አንጠልጥያለሁ፤ ሳህኖቼን ሁሉ ደግሞ አርካ በሚባለው ዓይነት ለውጫለሁ፤ ብዙ ፋብሪካዎች ስለሚጠቀሙበት አንዱ ሲጠፋ በሌላው ይተካል።

አሁን ካሜራው። እዚህ ላይ አጭር እሆናለሁ፤ ስለ ካሜራ የሚያወራ ሰው ሞልቷል። ከሜጋፒክስሉ ልጀምር። 24 ሜጋፒክስል ማለት 6000 በ4000 ፒክስል (የፎቶው ነጥቦች) ነው፤ በኢንች 300 ነጥብ ቢታተም 50 በ34 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይወጣዋል። ደንበኞቻችሁ ከዚህ የሚበልጥ ፎቶ ያሠሩት መቼ ነው? የፎቶውን ጎን በእጥፍ ለማሳደግ ደግሞ ፒክስሉ አራት እጥፍ መሆን አለበት፤ ከ24 ወደ 33 መሄድ በወረቀት ላይ የሚታይ ለውጥ አያመጣም። የመጀመሪያው ካኖን 5ዲ በ2005 ሲወጣ 12.8 ሜጋፒክስል ነበረው፤ ስንት ባለሙያ ኑሮውን መርቶበታል።

ባለ 36 በ24 ሚሊ ሜትሩ ሙሉ ሴንሰር (ብርሃኑን የሚቀበለው የካሜራው ገጽ) ደካማ ብርሃን ውስጥ ይረዳል፤ ይህ እውነት ነው። ከእሱ ያነሰው 1.5 እጥፍ ጠበብ አድርጎ ያሳያል፤ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ እንደ 75 ሆኖ ይታይበታል። ለስፖርትና ለአራዊት ይህ ጥቅም ነው፤ ለጠባብ ክፍል ጉዳት ነው። መብራት ይዞ ለሚሠራ ሰው ግን የሁለቱ ልዩነት የሚወራለትን ያህል አይደለም። ይህን የምለው ሁለቱንም ይዤ ለአንድ ሥራ ወጥቼ፣ በኋላ የትኛው ፎቶ ከየትኛው እንደመጣ ራሴ መለየት ስላቃተኝ ነው።

ታዲያ በምን እመርጣለሁ? ያፈርኩባቸውን ስከፍት ካሜራውን ከሚከሱት ጥቂቶች አንዱ የዕለቱ ፎቶዎች የተቀመጡበት ካርድ የሞተበት ሥራ ነው። ፎቶው እንኳ የለም፤ ፎልደሩ ውስጥ ያለው ለደንበኛው የጻፍኩት ደብዳቤ ነው። ስለዚህ በሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ የማይጽፍ ካሜራ ይዤ ለማይደገም ሥራ አልወጣም። ሌሎቹ ትኩረቱ ከፊተኛው ረድፍ አልፎ ከኋላ ያረፈባቸው ናቸው። የሰው ዓይን ለይተው የሚያተኩሩት መስታወት አልባ (ሚረርለስ) ካሜራዎች ይህን ጥፋት በእጅጉ ቀንሰውልኛል፤ ከአዲሶቹ ነገሮች ሁሉ ገንዘብ ላወጣለት የሚገባ ሆኖ ያገኘሁት ይህ ነው። ከዚያ በተረፈ ካሜራውን በእጄ እይዘዋለሁ። ዓይኔን ከመመልከቻው ሳላነሳ አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት)፣ የመዝጊያውን ፍጥነትና የሌንሱን ቀዳዳ መለወጥ ከቻልኩ ጥሩ ነው። ጣቴ ቁልፉን ፍለጋ የሚዳብስ ከሆነ ዝናው የትም ቢደርስ አይሆነኝም።

ካሜራ ስትገዙ የሌንስ ቤተሰብ ውስጥ እየገባችሁ እንደሆነም አትርሱ። ካሜራው በየጊዜው ይለወጣል፤ ሌንሱ ይከርማል። ሌንስና ካሜራ የሚገጣጠሙበት የኒኮን ኤፍ ማያያዣ የወጣው በ1959 ነው፤ የካኖን ኢኤፍ በ1987። በእነዚያ የተሠሩ ሌንሶች ዛሬም አዳፕተር ተደርጎላቸው በአዲሶቹ ካሜራዎች ላይ ይሠራሉ። ያገለገለ መግዛት ካለባችሁ ከሌንስ ጀምሩ፤ በመስታወቱ ላይ ባትሪ አብርታችሁ ውስጡን ተመልከቱ፤ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነውና አስቀምጡት።

ስለ ቦርሳ ጠይቃችሁኝ ነበር። ዝናብ የማያስገባ ይሁን።

ይበቃኛል፤ መድረኩ ላይ ያመጣሁትን ዕቃ አይታችኋል። አንዲት ኤልኢዲ፣ አንድ ነጭ አንሶላ፣ አንድ መስታወት፤ ካሜራውን ሆን ብዬ ቦርሳው ውስጥ ትቼዋለሁ። እባካችሁ በስተኋላ ያላችሁ፣ የአዳራሹን መብራት አጥፉልን። አንድ ሰው ይምጣልኝና እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ መስታወቱን ይያዝ። አንሶላውን እኔ እዘረጋለሁ። አንቺ እዚያ ጋ ያለሽው፣ መብራቷን ቀስ እያልሽ ወደ ኋላ ጎትቻት፤ ሌሎቻችሁ አገጩ ሥር ተመልከቱ።